አይሮፕላን ከመርከብ ላይ ሲነሣ፤ የብዙ እጆች ሥራ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ስም የተሰጠ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዕለት የሳይንስ ክበብ አባሎች የሆንን ተማሪዎች በእናንተ ፊት ቆመን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን በቅድሚያ ምስጋናችንን በአክብሮት እናቀርባለን። የመረጥነው ርእስ የአይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነው። ይኸውም አይሮፕላን ከመርከብ ላይ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት ተመልሶ እንደሚያርፍ፣ በዚያችም መርከብ ውስጥ የሰዎች ኑሮ ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ባሕር በሌላት አገር የሚያድጉ ልጆች ስለ መርከብ ምን አገባቸው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችንም ሁለት ነው።

አንደኛው፣ አገራችን ለዚህ ጉዳይ ፈጽማ ባዕድ አልነበረችም። በ1962 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አንዲት መርከብ ሰጠ፤ ይህንም ሆነ ሌሎቹን ዓመታት የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ያቺ መርከብ ቀድሞ ኦርካ ትባል ነበር። በ1944 አገልግሎት ጀምራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በውሃ ላይ ለሚያርፉ አይሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና የምትሰጥ መርከብ ነበረች። ለኛ ከተሰጠች በኋላ «ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች፤ ለብዙ ዓመታትም መኖሪያዋን ምጽዋ አድርጋ ዕጩ መኰንኖች ሲሠለጥኑባት ኖሩ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሄደች፤ ተመልሳም አልመጣች። በ1993 ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን አገራችን ያለ ባሕር በር ቀረች። እንግዲህ አይሮፕላንን በባሕር ላይ ማገልገል ምን እንደሆነ የምታውቅ መርከብ የአገራችንን ስም ይዛ በቀይ ባሕር ላይ ትመላለስ የነበረበት ዘመን እጅግ ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ግን ከዚህ ይበልጣል። እኛ ስለ መርከቢቱ ብረት ሳይሆን ስለ ሰዎቿ ልንነግራችሁ እንወዳለን። አንድ አይሮፕላን ከመርከብ ላይ ሲነሣ ሁሉ የሚያየው አብራሪውን ነው። የሚያስነሡት ግን ስማቸውን ማንም የማይጠይቃቸው ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ገደማ የሆነ፣ የእኛን ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች የሚያክሉ ወጣቶች ናቸው። እርግጥ ነው፤ ይህች መርከብ የጦር መሣሪያ ናት። እኛም ጦርነትን ለማወደስ አልተነሣንም። ነገር ግን ከአደገኛ ሥራ ውስጥ ለሰላም ሥራ የሚሆን ትምህርት ስለሚገኝ ይህን ርእስ መርጠናል።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ብናነሣ፣ የራይት ወንድማማቾች በሞተር አይሮፕላን ከበረሩ ገና ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1910 ዩጂን ኢላይ የሚባል አሜሪካዊ ቨርጂኒያ አጠገብ ቆማ ከነበረችው በርሚንግሃም ከተባለች የጦር መርከብ ላይ ተነሣ። ለመንደርደሪያ የተሰጠው የእንጨት መድረክ 25 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። አይሮፕላኑ ከመድረኩ ጫፍ እንደ ወጣ ወደ ባሕሩ አዘቀዘቀ፤ መንኰራኵሮቹም ውሃውን ነኩ፤ የማራገቢያው ጫፍም በውሃው ተመትቶ ተሰነጠቀ። ቢሆንም ተቃንቶ በረረና በአቅራቢያው ባለው ዳርቻ በሰላም አረፈ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1911፣ ይኸው ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ፔንሲልቬኒያ በተባለችው መርከብ ላይ አረፈ። መዋኘት የማይሆንለት እንደ ሆነ ብለው፣ በአየር የተነፋ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በትከሻው ላይ አድርጎ ነበር። አይሮፕላኑን ለማቆም በመድረኩ ላይ አግድም ገመዶች ተዘርግተው፣ በየገመዱ ጫፍና ጫፍ የአሸዋ ከረጢት ታስሮ ነበር፤ በአይሮፕላኑ ሆድ ሥር ያሉት መንጠቆዎች ገመዶቹን ሲይዙ ከረጢቶቹ እየተጐተቱ አቆሙት። ዛሬ በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ያለው የብረት ገመድ የዚያ የአሸዋ ከረጢት የልጅ ልጅ ነው።

በመንቀሳቀስ ላይ በነበረች መርከብ ላይ መጀመሪያ ያረፈው ኤድዊን ዳኒንግ የሚባል እንግሊዛዊ መኰንን ነው። ኦገስት 2 ቀን 1917 ፊዩሪየስ በምትባለው መርከብ ላይ ሲወርድ፣ በመርከቢቱ ላይ የነበሩት ሰዎች ሮጠው አይሮፕላኑን በእጃቸው ይዘው አቆሙት። ከአምስት ቀን በኋላ ግን እንደገና ሲሞክር አይሮፕላኑ ከመርከቢቱ ጫፍ ወደ ባሕር ወደቀና ሞተ። እንደምታዩት ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሩ የእጅ ሥራ ነበር፤ የሰው ሕይወትም ዋጋው ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1918፣ እንግሊዞች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጣራዋ ሜዳ የሆነች አርገስ የምትባል መርከብ አወጡ። በ1922 ደግሞ ጃፓን ሆሾን፣ አሜሪካ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ማመላለሻ የተለወጠችውን ላንግሊን በሥራ ላይ አዋሉ።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። አይሮፕላንን ከመሬት የሚያነሣው የሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በክንፎቹ ዙሪያ በፍጥነት የሚያልፈው አየር ነው። ስለዚህ አይሮፕላን በቂ አየር በክንፎቹ ላይ እስኪያልፍ ድረስ መንደርደር አለበት። በቦሌ የአይሮፕላን ማረፊያ ረጅሙ የመንደርደሪያ መንገድ 3,800 ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነችና አየሩ ስለሚሳሳ ትልልቆቹ አይሮፕላኖች ረጅም መንገድ ያስፈልጋቸዋል። በመርከብ ላይ ግን የተሰጠው ቦታ አንድ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ እንዴት ይሆናል?

የመጀመሪያው ዘዴ ነፋስን መጠቀም ነው። አይሮፕላን ሲነሣ መርከቢቱ ፊቷን ወደ ነፋሱ ትመልሳለች። ለምሳሌ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢነፍስና መርከቢቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ወደ እርሱ ብትሄድ፣ አይሮፕላኑ ገና ሳይንቀሳቀስ በክንፎቹ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አየር አለ ማለት ነው። ይህ በሂሳብ ክፍላችን የምንማረው ተራ መደመር ነው፤ ነገር ግን የብዙ አብራሪዎችን ሕይወት ያተረፈ መደመር ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ካታፑልት የሚባለው አስፈንጣሪ መሣሪያ ነው። ሐሳቡን ለማወቅ የእረኛን ወንጭፍ ማሰብ ይበቃል። በእንፋሎት የሚሠራውን ካታፑልት ያሰበው ኮሊን ሚቸል የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መሐንዲስ ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ፐርሲየስ በተባለችው መርከብ ላይ ተፈተነ። ከበረራው ሜዳ ወለል በታች ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ረጃጅም ሲሊንደሮች አሉ። በውስጣቸው ያሉት ፒስቶኖች በወለሉ ላይ ባለው ጠባብ ስንጥቅ በኩል ብቅ ካለ አንድ መያዣ ጋር ተያይዘዋል፤ የአይሮፕላኑ የፊት እግርም ከዚያ መያዣ ጋር ይቈላለፋል። በጋን ውስጥ ታፍኖ የቆየው እንፋሎት በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ፒስቶኖቹን ይገፋል፤ ከ20 ቶን በላይ የሚመዝነው አይሮፕላንም ከሁለት እስከ ሦስት በሚሆን ሰከንድ ውስጥ በሰዓት ወደ 260 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይደርሳል። ፒስቶኖቹ ደግሞ በመንገዳቸው መጨረሻ ከውሃ ጋር ተጋጭተው ይቆማሉ።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ምሥጢር ግን ልኩ ነው። እንፋሎቱ ከሚገባው በታች ከሆነ አይሮፕላኑ ፍጥነት ሳያገኝ ባሕር ይገባል። ከሚገባው በላይ ከሆነ ደግሞ የአይሮፕላኑን አካል ሊጐዳ ይችላል። ልኩ የሚወሰነው በአይሮፕላኑ ክብደት ነው። ስለዚህ አይሮፕላኑ ወደ ካታፑልቱ ሲቀርብ አንድ ወጣት ሠራተኛ ክብደቱ የተጻፈበትን ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ለአብራሪው ያሳያል። አብራሪው ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በእጁ ምልክት ካረጋገጠ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልሆነም ቁጥሩ ይታረማል። እንግዲህ አስቡት፤ የአንድ ሰው ሕይወት በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። መምህሮቻችን መልሳችሁን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ የሚሉን በከንቱ አይደለም።

በበረራው ሜዳ ላይ የሞተሮቹ ድምፅ ጆሮ ስለሚያደነቍር ሰው በቃል አይግባባም። ሁሉም ጆሮውን የሚደፍን ቆብ አጥልቆ በእጅ ምልክት፣ በሌሊትም በመብራት ይነጋገራል። እያንዳንዱ የሥራ ክፍል በሹራቡ ቀለም ይታወቃል። በአሜሪካ መርከቦች ባለ ቢጫ ሹራቦቹ አይሮፕላኖቹን ይመራሉ፣ ማስነሣቱንም ያዝዛሉ። ባለ አረንጓዴዎቹ ካታፑልቱንና የማቆሚያውን ገመድ ይሠራሉ፣ ጥገናም ያደርጋሉ። ባለ ሰማያዊዎቹ አይሮፕላኖቹን ይጐትታሉ፣ በሰንሰለት ያስራሉ፣ በመንኰራኵሮቹም ሥር ታኮ ያደርጋሉ። ባለ ቀዮቹ የጦር መሣሪያ የሚጭኑና እሳት የሚያጠፉ ናቸው። ባለ ነጮቹ ደኅንነትን የሚቆጣጠሩና ሕክምና የሚሰጡ ናቸው። ነዳጅ የሚሞሉት ደግሞ ወይን ጠጅ ቀለም ይለብሳሉ፤ ጓደኞቻቸውም በቀልድ «ወይኖች» ይሏቸዋል። ባለ ቡናማዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አይሮፕላን በአደራ የተረከቡ ናቸው፤ አብራሪው ከመምጣቱ በፊት አይሮፕላኑን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መርምረው ያዘጋጃሉ፣ መስተዋቱን ይወለውላሉ፣ አብራሪውንም አስረው ያስቀምጣሉ።

አይሮፕላኑ ከካታፑልቱ ጋር ሲቈላለፍ ከበስተኋላው ትልቅ የብረት ጋሻ ከወለሉ ይነሣል፤ ይህም የሞተሩ እሳት ከኋላ ያሉትን ሰዎች እንዳይለበልብ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ግራና ቀኝ ጎንበስ ብለው የሚንጠባጠብ ዘይት ወይም ያልተዘጋ ክዳን እንዳለ ይመለከታሉ፤ ደኅና ከሆነ አውራ ጣታቸውን ያነሣሉ። አብራሪው ሞተሩን በሙሉ ኃይል ያስጮኻል፣ መሪዎቹን አንድ ባንድ ይፈትናል፣ ከዚያም ሰላምታ ይሰጣል። ባለ ቢጫው መኰንን ሁሉን ለመጨረሻ ጊዜ ተመልክቶ ተንበርክኮ ወለሉን ይነካል፤ እጁንም ወደ ፊት ይዘረጋል። በሜዳው ጠርዝ የቆመው ባለ አረንጓዴ ሹራብ ቁልፉን ይጫናል፤ አይሮፕላኑም ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ ሌላው በቦታው ይተካል።

መመለሱ ከመነሣቱ ይልቅ ይከብዳል። አብራሪው ከሩቅ ሲያያት መርከቢቱ እንደ አንድ የክብሪት ቀፎ ናት፤ ያውም በማዕበል የምትነሣና የምትወድቅ ቀፎ ናት። በሜዳው ጎን ያሉ መብራቶች ከፍታውን ይነግሩታል፤ የመካከለኛው መብራት ከአረንጓዴዎቹ መስመር በላይ ከታየው ከፍ ብሏል፣ በታች ከታየው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በዚያ የቆሙ መኰንኖችም በራዲዮ ይረዱታል፤ አደጋ ካዩም ቀይ መብራት አብርተው ይመልሱታል። በወለሉ ላይ እንደ መርከቢቱ ዓይነት ሦስት ወይም አራት የብረት ገመዶች ተዘርግተዋል። አይሮፕላኑ በጅራቱ መንጠቆ አንዱን ይይዝና መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። የሚገርመው ግን አብራሪው ወለሉን በነካበት ቅጽበት ሞተሩን በማጥፋት ፋንታ በሙሉ ኃይል ማስጮኹ ነው። ምክንያቱም መንጠቆው ገመዱን ቢስት ወዲያው ተነሥቶ መብረር አለበት። ይህ የሚቻለውም ማረፊያው ከመርከቢቱ አቅጣጫ ጥቂት ዘወር ብሎ ስለ ተሠራ ነው፤ ይህን ሐሳብ ያመጣው ዴኒስ ካምቤል የሚባል የእንግሊዝ መኰንን በ1951 ነበር። ከዚያ በፊት ገመዱን የሳተ አይሮፕላን ከፊት ለፊት በቆሙት ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካውን እንንገራችሁ። በረራ ከመጀመሩ በፊት ሹማምንትና ተራ መርከበኞች ሳይለዩ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። የሚፈልጉት ብሎን፣ የሽቦ ቍራጭ፣ ጠጠር ነው። የጄት ሞተር አየር ሲስብ ትንሿን ብሎን አብሮ ከዋጠ ሊሰበርና አብራሪውን ሊገድል ይችላልና። መካኒኮቹም መሣሪያቸውን ሥራ ሲጀምሩና ሲጨርሱ ይቈጥራሉ፤ አንድ መፍቻ ቢጐድል፣ የት እንደ ገባ እስኪታወቅ ድረስ የተሠራበት አይሮፕላን አይበርም። ከዚህም በቀር በሜዳው ላይ አደጋ ያየ ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ያህል ዝቅ ያለ ቢሆን፣ እጆቹን አጣምሮ ከፍ በማድረግ ሥራውን የማስቆም መብት አለው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «ቁም!» ሲል የሃያ ዓመት አገልግሎት ያለው አብራሪ ይቆማል። ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ምን አየ ተብሎ ይጠየቃል።

ስለ ኑሯቸውም ጥቂት እንበል። በ1975 ሥራ የጀመረችውንና ኒሚትዝ የምትባለውን መርከብ ምሳሌ እናድርግ። ርዝመቷ 333 ሜትር ያህል፣ ክብደቷም ወደ 100,000 ቶን ነው። የምትንቀሳቀሰው በሁለት የአቶም ኃይል ማመንጫዎች ሲሆን፣ የበረራ ክፍሉ ሰዎች ሲጨመሩ ወደ 5,000 የሚሆን ሕዝብ ትይዛለች። ይህ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕዝብ ነው። ሐኪም ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጠጉር አስተካካይ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ሱቅና የጸሎት ስፍራ አላት። 5,000 ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቢመገብ 15,000 ማዕድ ይሆናል፤ ሌሊት ለሚሠሩትም በእኩለ ሌሊት ይበሰላል። ወጥ ቤቱ ስለዚህ አያርፍም።

ተራው መርከበኛ የሚተኛው ሦስት ሦስት ሆኖ በተደራረበ ጠባብ አልጋ ላይ ነው፤ የግሉ ዓለም በመጋረጃ የተከለለው ያ አልጋና ከሥሩ ያለው የዕቃ ሳጥን ብቻ ነው። አልጋው ከካታፑልቱ በታች የሆነበት ሰው አይሮፕላን በተነሣ ቍጥር ከራሱ በላይ ጣራው ሲንጐደጐድ ይሰማል፤ ቢሆንም ድካም ያስተኛዋል። በሥራ ሰሞን በቀን አሥራ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ መሥራት የተለመደ ነው። ከመርከቢቱ ሆድ ውስጥ የሚሠራ ሰው ፀሐይን ሳያይ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል። የሚጠጣው ውሃ የሚገኘው ከባሕሩ ውሃ ጨው በማስወጣት ነው፤ ከዚህም ውሃ ካታፑልቱ ለእንፋሎቱ ድርሻ አለው። ስለዚህ ውሃ ባነሰ ጊዜ መርከበኛ ገላውን ያርስና ቧንቧውን ይዘጋል፣ ሳሙና ይቀባል፣ ከዚያ ቶሎ ተለቃልቆ ይወጣል። የውሃ ተራ ጠብቀን በጀሪካን የቀዳን ሁሉ ይህ ልማድ አይገርመንም።

ጉዞው ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ናፍቆት ትልቁ ፈተና ነው። ደብዳቤና ጥቅል በአይሮፕላን ሲመጣ ቀኑ የበዓል ያህል ነው። «ሰው ባሕር ገባ!» የሚል ጥሪ ሲሰማም በመርከቢቱ ያለው ሁሉ፣ የተኛውም ሳይቀር፣ ወደየቦታው ሮጦ ስሙ ይጠራል፤ የሁሉም ሰው መኖር እስኪታወቅ ድረስ ቆጠራው አይቆምም። ከአምስት ሺህ አንድ ሰው ቢጐድል ይፈለጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከመከራ የመጣ ነው። ጁላይ 29 ቀን 1967፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ ፎረስታል የምትባለው የአሜሪካ መርከብ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ሳለች፣ በሜዳው ላይ ከቆመ አንድ አይሮፕላን ሮኬት ባልታሰበ የኤሌክትሪክ ፍሰት ምክንያት ተተኰሰ። ሮኬቱ ፊት ለፊቱ የቆመውን አይሮፕላን የነዳጅ ጋን መታ፤ ነዳጁም ፈስሶ ተቀጣጠለ። የሮኬቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ መገናኘት የነበረበት አይሮፕላኑ ካታፑልቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ነበር፤ ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ ግን አስቀድሞ ይገናኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ በዚያ ዕለት የፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ጄራልድ ፋሪየር የሚባል የእሳት አጥፊዎች አለቃ አንዲት ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ይዞ በእሳት ወደ ተከበበው ቦምብ ሮጠ፤ ቦምቡን አቀዝቅዞ ለጓደኞቹ ጊዜ ለማትረፍ ነበር። ነገር ግን በዚያ ከነበሩት ቦምቦች አንዳንዶቹ አሮጌዎችና ሙቀት የማይችሉ ስለ ነበሩ፣ እሳቱ ከተነሣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የመጀመሪያው ፈነዳ። ፋሪየርና በእሳት ማጥፋት የሠለጠኑት ጓደኞቹ አብዛኞቹ በዚያው አለቁ። የቀሩት መርከበኞች ጀግንነት አልጐደላቸውም፤ ሥልጠና ግን አልነበራቸውም። አንዱ ቡድን እሳቱን በአረፋ ሲሸፍን፣ ሌላው በውሃ አረፋውን አጠበው፤ የሚነደውንም ነዳጅ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች አወረደው። በዚያ አደጋ 134 ሰዎች ሞቱ፤ 161 ቆሰሉ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ተለወጠ። እሳት ማጥፋት የጥቂቶች ሙያ መሆኑ ቀርቶ የመርከበኛ ሁሉ ትምህርት ሆነ፤ ጸሐፊውም ወጥ ቤቱም ይማረዋል። የዚያ ቀን ፊልም ለአዲስ ገቢዎች ማስተማሪያ ሆነ። በኖርፎክ ያለው የእሳት ማጥፊያ ትምህርት ቤትም በፋሪየር ስም ተጠራ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር እነዚያ መርከበኞች በ134 ነፍስ ዋጋ ተማሩት። ለእኛ በነጻ ተነግሮናልና አንርሳው።

ዛሬ መሣሪያው እየተለወጠ ነው። በ2017 ሥራ የጀመረችው ጄራልድ ፎርድ የምትባለው የአሜሪካ መርከብ በእንፋሎት ፋንታ በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል አይሮፕላን ታስፈነጥራለች፤ በ2022 ወደ ውሃ የወረደችው የቻይና ፉጂያንም እንደዚሁ ናት። እንግሊዝና ሕንድ ደግሞ ካታፑልት የሌላቸውን፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የተቀለበሰ መርከቦችን ይጠቀማሉ። መሣሪያው ግን ምንም ቢራቀቅ ሜዳውን እየሄደ ብሎን የሚለቅመው ያው ሰው ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች ሆይ! ከዚህ ሁሉ ለራሳችን የምንወስደው ምንድን ነው? እኛ ተማሪዎች ትንሽ ሥራ የሚባል እንደሌለ እንረዳ። በቤተ ሙከራ የአሲዱን ጠርሙስ ሳይከድን የሚሄድ ሰው፣ ስሕተት አይቶ «ምን አገባኝ» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ በመርከቢቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ጓደኛውን በገደለ ነበር። ነገ ከእኛ መካከል ነርስ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ የአይሮፕላን መካኒክ የሚሆን አለ። ያን ጊዜ የማናውቀው ሰው ሕይወት በእጃችን ይሆናል። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ደግሞ ኀላፊነት ስጡን ብለን እንለምናችኋለን፤ አስቀድማችሁ አሠልጥኑን፣ ከዚያ አደራ ስጡን፣ ተቆጣጠሩንም። አደጋ አይተን «ይቁም» ስንልም፣ ልጅ ነው ብላችሁ ሳትንቁ ስሙን። የሃያ ዓመት ወጣት አይሮፕላን በአደራ መረከብ ከቻለ፣ እኛም የቤተ ሙከራን ቁልፍ መያዝ እንችላለን ብለን እናምናለን።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። በእነዚያ መርከቦች ባሉት አይሮፕላኖች ላይ የአብራሪው ስም ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም አይሮፕላኑን በአደራ የሚጠብቀው የዚያ ባለ ቡናማ ሹራብ ወጣት ስም አብሮ ይጻፋል። ይህ ታላቅ ፍርድ ነው። የእኛም ትምህርት ቤት ብዙ አብራሪዎችን ወደ ሰማይ አስነሥቷል፤ ሐኪሞችን፣ መሐንዲሶችን፣ መምህራንን አስነሥቷል። ስማቸውም በዚህ የበዓል መጽሔት በክብር ይጻፋል። ነገር ግን በማለዳ በሩን የሚከፍቱልን ዘበኛ፣ ደወሉን የሚደውሉልን፣ ክፍላችንን የሚጠርጉልን እናቶች፣ የቤተ ሙከራውን ብልቃጥ አጥበው የሚያሰናዱልን፣ መዝገባችንን ሳይሰለቹ የሚጽፉልን ሠራተኞች ስም የት አለ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን ያደወሩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የመጽሔቱ አዘጋጆች ከተመራቂዎቹ ስም አጠገብ የእነርሱንም ስም አንድ ሳያስቀሩ እንዲያትሙልን በትሕትና እንጠይቃለን። ስሞቹን አሰባስበን ለማምጣት እኛ የክበቡ አባሎች ዝግጁ ነን።